ቅያሪው እስኪመጣ

ገነቴ ዋለ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሏን አውልቃ አረንጓዴ ቀሚስ ትለብስ ነበር። ቀሚሱን ለብሳ በጓሮ በር ትወጣና ትንሿ የእንጨት ዱካዋ ላይ ጀርባዋን ለጓሮው ሰጥታ ተቀምጣ ስልኳን ትከፍታለች። ወንድሟን በቪዲዮ አነጋግራ ስትጨርስ ወደ ቤት ትገባለች፤ ቀሚሱን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ትመልስና እንደገና ጥቁሩን ትለብሳለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ከአጥር ማዶ ላያት ሰው ልብስ ልታሰጣ ብቅ ያለች ነው የምትመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ እማማ አበራሽ የካቲት ውስጥ አርፈዋል። ታናሽ ወንድሟ ሚክያስ ደግሞ ሰማያዊ ቆብ ካጠለቁት ሰላም አስከባሪ ወታደሮች ጋር ደቡብ ሱዳን ነው፤ የውሃ ቦቴ ይነዳል። የእናቱን ሞት አልሰማም፤ እንዲሰማም አልተፈለገም። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ቆሞ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ የሚይዝ ወገን ባለበት ነው የሚነገረው። ብቻውን በሰው አገር ላለ፣ ያውም መሣሪያ ለታጠቀ ልጅ በምን አንጀት ተደውሎ እናትህ ሞታለች ይባላል? በሰፈራችን በፎንቆ ይህን የሚያደርግ ሰው የለም። ቢኖርም ማግስቱን ሰላም የሚለው አያገኝም።

እማማ አበራሽ ያረፉ ዕለት ገነቴ ሬሳውን አጥባ ገና እጇን ሳታደርቅ ነበር የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደሰንበት ለብቻዋ ጠርተው ያስቀመጧት። አቶ ወልደሰንበት ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የሰፈሩን ቀብርና ዕርቅ ሁሉ በጫንቃቸው የተሸከሙ ሽማግሌ ናቸው። የሚክያስ ሻለቃ ጊዜውን ጨርሷል፤ ከፋሲካ በኋላ ቅያሪው ይገባና ልጆቹ ይመለሳሉ ተብሏል። እስከዚያ ነገሩን እኛው ዘንድ እናቆየው፤ ሲመጣ እንደ ደንቡ እናረዳዋለን አሏት። የሚደውለው ለእሷ ስለሆነ ዋናው ሸክም የእሷ መሆኑንም አልሸሸጓትም።

«አንቺ ከጸናሽ ልጁ በሰላም አገሩ ይገባል» አሉ። «አንቺ ከተሰበርሽ ግን በድምፅሽ ያውቃል።»

ገነቴም «እሺ» ብላ ተነሣች። ድንኳን ሲጣል፣ ለቀስተኛ ከየአቅጣጫው ሲተም፣ እሷ በሰው መሀል እየዞረች ስልክ የያዘውን ሁሉ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ ትለምን ነበር። አንዱ የአጎት ልጅ ቀድሞ የእማማ አበራሽን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ ኖሯል፤ ክንዱን ይዛ ከለቅሶው አውጥታ እፊቷ አስጠፋችው። ሰው ሲያለቅስ እሷ ፎቶ ታስጠፋ ነበር። ቀብሩም ላይ አላለቀሰችም። ሰዉ ጌታ አጽንቷት ነው አለ። እሷ ግን መጽናት ይሁን ሌላ ነገር፣ የሚሰማት ነገር አልነበረም፤ ክረምት ውሃ ሲቀዱ ጣት እንደሚደነዝዘው ነበር የሆነችው። ሲያልፍ ያልፋል ብላ ተወችው።

ቀድሞም ቢሆን ገነቴ ጮኻ የምትስቅ፣ ጮኻ የምታለቅስ ሴት አልነበረችም። የተወለደችው እዚያው ቤት ነው። አባቷ አቶ ዋለ የሞቱት ሚክያስ ገና ትምህርት ቤት ሳለ ሲሆን፣ ሆሳዕና ተምራ የወጣችውም እናቷ ከእንሰት ጓሯቸው ባወጡት ገንዘብ ነው። ሺንሺቾ ከተማ የሚያስተምር አንድ ደህና ሰው ነበራት። የእማማ አበራሽ ሕመም ሲጠና ቆይ፣ ትንሽ ቆይ እያለችው ከረመችና እሱም ቆይቶ ቆይቶ ሌላ አገባ። ይህን ስታወራ ያልዘነበ ዝናብ እንደምታወራ ነው። ከዚያ በኋላ ኑሮዋ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሆነ። በትንሿ መስኮት የታካሚ ስም ትጠራለች፤ ነፍሰ ጡሯንም፣ ወባ የያዘውንም፣ የተደበደበውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምትጠራው። ለእሑዱ ስልክ የጠቀማት ይኸው ድምፅ ነበር።

ሚክያስ ሌላ ነው። ተጫዋች ነው፤ መንዳት የሚወድ፣ ለእናቱ የሚሞት። ወታደር ቤት ገብቶ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ ለሰላም ማስከበር ተመረጠ ሲባል ሰፈሩ ደስ ብሎት ነበር። እማማ አበራሽ ግን ደስታቸውን በእንሰት ነው የገለጹት። ልጁ ወታደር ቤት የገባ ዓመት፣ ከጓሮው በር ፊት ለፊት አንድ ረድፍ እንሰት አዛውረው ተከሉና የሚክያስ ነው አሉ። ፍጉን በራሳቸው እጅ እየተሸከሙ አለበሱት። እንሰቱ አደገ፤ ቅጠሉ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ተንሰራፋ። ልጄ መጥቶ ሲያገባ ነው የሚቆረጠው፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይነካውም ይሉ ነበር። አንድ መስቀል ገነቴ ራሷ ቅጠል ልትቆርጥ ቢላዋ ይዛ ስትጠጋ ከቤት ውስጥ ጮኸው አባረዋታል። ሚክያስም ይህን በስልክ ሰምቶ እስኪያስለው ድረስ ስቋል።

የለቅሶው ሰሞን ያ ሁሉ ለቀስተኛ የበላው ቆጮ ተቀብሮ ከሚቦካበት ጉድጓድ ነው የወጣው። ለቅሶው ሲያበቃ ጉድጓዱም ባዶ ቀረ። በሃዲያ ቤት ባዶ ጉድጓድ ማሳደር ነውር ነው፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች የቀርከሃ መፋቂያቸውን ይዘው ሰብሰብ ብለው መጡ። ፍቀው፣ ቀብረው፣ ጉድጓዱን ሊሞሉላት ነው። የቱን እንቁረጥ አሏት። ለመቆረጥ የደረሰው ያ ረድፍ ብቻ ነበር፤ ሌላው ገና ልጅ ነው። ገነቴ በዚያን ሰዓት ስልኳን ይዛ፣ ለሚክያስ እናታችን የት ሄዳለች እንደምትለው እያሰበች ነበር። «የደረሰውን ቁረጡ» አለች፤ ካርድ ስትጠራ እንደምትለው። ሴቶቹም ቆረጡ። እንዲያ ነበር የተቆረጠው፤ ማንም አላጠፋም፤ ማንም ልብ አላለም።

ፋሲካ ደረሰ፤ አለፈም። ቅያሪው አልመጣም። በሚቀጥለው ወር ነው አሉ፤ ከዚያ ደግሞ ክረምቱ ይውጣ አሉ። ልጆቹን የሚያወጣ፣ ተተኪዎቹን የሚያስገባ አውሮፕላን የሚከፈልበት ገንዘብ የለም የሚል ወሬ መጣ። ወሬውን ያመጣችው ሃቢባ ናት። ሃቢባ ከመንገዱ ዳር ሱቅ ያላት የገነቴ ጎረቤት ስትሆን፣ ሱቋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ይለፈልፋል። ስኳርና ሳሙና እየሸጠች የዓለምን ጉድ ሁሉ ትሰማለች። አንድ ቀን አቶ ወልደሰንበት ባትሪ ድንጋይ ሊገዙ ሲገቡ ይህንኑ ዜና አገኙና ቆመው አደመጡ። ከዚያ ሃቢባን ማን ነው የሚያዋጣው ብለው ጠየቋት። ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው አለች። ዘማቹስ? እሱማ የእኛ ብጤው ነው፤ እኛ፣ ሩዋንዳ፣ ባንግላዴሽ፣ ኔፓል ስትል ቆጠረችላቸው። ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ።

«በእኛ እድር መዋጮ ያልከፈለ ድንኳን አይጣልለትም» አሉ። «እዚያ ግን ያልከፈለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የሚቀነሰው ድንኳን ተካዩ ነው።»

ሃቢባ ሳቀች። ገነቴም እዚያው ጨው ልትገዛ ቆማ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። ጨዉን ተቀብላ ወጣች። በልቧ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገና ስንት እሑድ ልዋሽ ነው የሚል። ያም ቢሆን ጭንቀት አልነበረም፤ ጣሪያ ሲያፈስ ባልዲ የት ላስቀምጥ እንደሚባለው ዓይነት ሐሳብ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ውሸቱ ከባድ ነበር። ሚክያስ ሁልጊዜ አማን አቅርቢልኝ ይላል፤ እናታቸውን በሃዲይኛ አማ ነው የሚሏት። ገነቴ አማ ቤተ ክርስቲያን ቀርታለች አለችው። በሚቀጥለው እሑድ ሺንሺቾ እህቷ ዘንድ ሄዳለች አለችው። ከዚያ ተኝታለች፤ ከዚያ ጆሮዋ ደከመ፣ በስልክ የሚሏትን አትሰማም፣ ስለማትሰማም ትናደዳለች አለችው። ሚክያስ ይህን የጆሮዋን ነገር ሲሰማ እሺ፣ አታስቸግሪያት አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ አቅርቢልኝ ማለቱን ተወ። ሳሚልኝ ብቻ ይላል። ገነቴ ደከመው፣ ሥራውም በዝቶበታል ብላ አሰበች፤ ቀለላትም።

ነገሩ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ተካነችበት። እሱ ሳይጠይቃት መናገር ጀመረች። አማ ዛሬ ጫጩቶቹን የወሰደችውን ጭልፊት ስትሳደብ ዋለች ትለዋለች። አማ ሃቢባ ያመጣችላትን ቴምር ጥርሴ አይችለውም ብላ ወረወረች፤ ኋላ ሰው ሳያያት አንሥታ በላች ትለዋለች። ሚክያስ ይስቃል። ስትነግረው ሁሉም እውነት ይመስላታል፤ የእናቷ ድምፅ ከቤት ውስጥ የሚሰማ ይመስላታል። ስልኩ ሲዘጋ ግን ጓሮው ጭር ይላል፤ ገብታ ቀሚሷን ታወልቃለች። ለቅሶ ቤት አረንጓዴ ቀሚስ ምን ሊሆን ነው ብለው ያሙ የነበሩ ሴቶችም ምክንያቱን ሲሰሙ ሐሜቱን ተዉት። እንዲያውም እሑድ እሑድ በዚያ ሰዓት በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያልፈው።

የከፋው መስቀል ነው። መስቀል በሃዲያ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ ሩቅ ያለ ሁሉ የሚገባበት፣ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ያጠራቀሙት ቅቤ የሚወጣበት፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አታካና የሚገነፋበት በዓል ነው። እማማ አበራሽ አታካና ሲሠሩ ጓዳ ማንንም አያስገቡም ነበር። ያን መስቀል ገነቴ ምንም አልሠራችም፤ ከል የለበሰ ቤት መስቀል የለውም። ሚክያስ ግን ደወለ። ከኋላው የደረቀ ሜዳና የቦቴው ጎማ ይታያል። አታካናው እንዴት ነው ሲላት በጣም አማረ፤ አማ እንደ ልማዷ በር ዘግታ ሠራችው አለችው። ቅቤው በዛ ወይ አላት። አዎ፣ እስከ ክርን ያወርዛል አለችው። ሚክያስ ራሱን ነቀነቀና «እጇን ሳሚልኝ» አለ። ከዚያ ኔትወርኩ ሳይቆረጥ ቀድሞ ስልኩን ዘጋ። ገነቴ እዚያው ዱካዋ ላይ ተቀምጣ የራሷን እጅ አየች። ማልቀስ የሚገባት ሰዓት ይህ እንደሆነ ገብቷታል። ግን የሚመጣ ነገር አልነበረም፤ ገብታ ቀሚሱን አጣጠፈች።

ጥቅምት ላይ የሰላም አስከባሪው ቁጥር ሊቀነስ ነው የሚል ዜና በሃቢባ ቴሌቪዥን መጣ። ከየአገሩ ሠራዊት አንድ አራተኛው ወደየቤቱ ይመለሳል ተባለ። ሃቢባ ሱቋን ጥላ ሮጣ ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ በካርድ መስኮቱ በኩል ነገረቻት። ታካሚው ሁሉ ሰማ፤ እልል ያለችም ነበረች። ወሬው ቤት ለቤት ደረሰ፤ አቶ ወልደሰንበትም የእድሩ ድንኳን ከዕቃ ቤት ወጥቶ ፀሐይ እንዲመታ አዘዙ። በቀጣዩ እሑድ ሚክያስ ደወለና ከሚቀሩት ነኝ አለ።

ነገሩን ረጋ ብሎ ነበር ያስረዳት። ሌሎቹ የቦቴ ነጂዎች ከሚሄዱት ወገን ወደቁ። ከሁለቱ ካምፕ አንዱ ተዘጋ። ውሃ ግን በጀት ተቀነሰ ብሎ አይቀንስም፤ ወታደሩም ይጠጣል፤ ከካምፑ አጥር ሥር ተፈናቅለው የሰፈሩት ሴቶችም ጄሪካናቸውን ደርድረው የእሱን ቦቴ ነው የሚጠብቁት። የቀረው ነጂ እሱ ብቻ ነው፤ ተተኪ እስኪገኝ አይለቁትም። ገነቴ ስትሰማው ቆይታ አማ ትበሳጫለች አለችው። ሚክያስ ካሜራውን እያየ አዎ፣ ትበሳጫለች አለ። ድንኳኑ ተመልሶ ታጠፈ።

ሚክያስ ከደቡብ ሱዳን የወጣው ጥር ላይ ነው። ለውሃው ሥራ ከሌላ አገር ሰው ተገኘ መሰለኝ፤ ብቻ አንድ ቀን በድንገት አዲስ አበባ ገብቻለሁ ብሎ ደወለ። ፎንቆ እንደ ጉንዳን ተንቀሳቀሰ። የሽማግሌዎቹ ሐሳብ ሆሳዕና መናኸሪያ ተቀብለውት፣ እናትህ ሺንሺቾ እህቷ ዘንድ ናት፣ ነገ ትመጣለች ብለው በአቶ ወልደሰንበት ቤት ሊያሳድሩትና ጎህ ሲቀድ ሊነግሩት ነበር። ገነቴም ለመጨረሻ ጊዜ አረንጓዴውን ቀሚስ ለበሰችና መናኸሪያ ሄደች።

ሚክያስ ከአውቶቡስ ሲወርድ ጠቁሯል፤ ከስቷል። ሁሉንም በየተራ ሳመ፤ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። ገነቴን ሲያቅፍ ግን አጥብቆ ያዛትና አልለቃትም አለ። አማ ሺንሺቾ ናት አለችው በጆሮው። እሱም «እሺ» አለ። ሽማግሌዎቹ ለብዙ ጥያቄ ተዘጋጅተው ነበር፤ ለምን አልመጣችም ቢል፣ ደውሉልኝ ቢል፣ አሁኑኑ ሺንሺቾ እንሂድ ቢል ምን እንደሚሉ ሲመክሩ ነበር የሰነበቱት። አንዱንም አልጠየቀም። በመንገድ ላይ ሁሉ ስለ ቦቴው አወራ። ሽማግሌዎቹ በውስጣቸው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ገነቴ ብቻ ነች በመስኮት እያየች፣ አልጠየቀም፣ ለምን አልጠየቀም ስትል የሄደችው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ወደተኛበት ክፍል ገቡ። ገነቴ ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ ቆማለች፤ አሁን ጥቁሩን ለብሳለች። ሚክያስ ተኝቶ አልነበረም። ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አቶ ወልደሰንበት ይህን አይተው አንዴ ቆም አሉ። ከዚያ ደንቡን ሳያጓድሉ ነገሩት፤ የሰው ልጅ መንገደኛ መሆኑን፣ እናቱ ያላትን ሁሉ ሰጥታ መድከሟን፣ ጌታ እንደጠራት። ሚክያስ እሪ አለ። ግራና ቀኝ ያዙት፤ ከእጃቸው ሊወጣ ታገለ፤ አማ እያለ መሬት ወደቀ። ሰፈሩ በሙሉ አብሮት አለቀሰ፤ ድንኳኑ ዳግም ተጣለ፤ የካቲት የተቋረጠ የሚመስለው ለቅሶ ከቆመበት ቀጠለ። ገነቴ ውሃ አመጣችለት። ፊቱን አጠበችው። እሷ አላለቀሰችም፤ አሁን እንኳን አልመጣም ነበር። በቃ እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው ብላ አሰበች፤ ያም ሐሳብ አላስደነገጣትም።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲቀዘቅዝ ሚክያስ በጓሮ በር ወጣ። ገነቴም ተከተለችው። ዱካዋ ላይ ተቀመጠና ፊት ለፊቱ ያለውን ባዶ መሬት ያይ ጀመር።

«እዚህ ነበሩ» አለ።

«ማን?»

«የአማ እንሰቶች። አንቺ ስለ ጭልፊት ትነግሪኛለሽ፤ ከኋላሽ ሰማይ ይታያል። ከዚህ ጓሮ ሰማይ ታይቶ አያውቅም።»

ገነቴ ቀና ብላ አየች። እውነትም ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል። ከሏን ስትደብቅ፣ ፎቶ ስታስጠፋ፣ የሰውን አፍ ስትዘጋ ከርማ፣ የአገሯ ልጅ ሁሉ የሚያነበውን ነገር ከጀርባዋ ገትራ ነበር የምትቀመጠው። ሚክያስ ያየው ከፋሲካ በፊት ኖሯል። መጀመሪያ አንድ ሁለቱን ለችግር ቆርጠው ይሆናል ብሎ ነበር። ኋላ ረድፉ በሙሉ እንደሌለ ሲያይ፣ ሲቆረጥም ከቤት ውስጥ የጮኸ እንዳልነበረ ገባው። የጆሮዋን ነገር ስትነግረው በቃ ተስፋ ቆረጠ።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም።

«ብናገር ማን ያረዳኝ ነበር?» አለ። «እዚያ ሜዳ ላይ ከማን ጋር ላልቅስ? መርዶዬን ወገን ባለበት ልስማው ብዬ ነው የጠበቅኩት። አውቃለሁ ብል ደግሞ ወደ አገር ቤት ይልኩኝ ነበር፤ ኋላማ ቦቴውን የሚነዳ ሌላ ሰው አልነበረም።» ቀጠለና «አንቺም ስትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «እሑድ እሑድ አማ ነበረች።»

 ለካ ቀሚሱን የለበሰችው ለሚያውቅ ሰው ነው። ለካ ሁለቱም አማን ይዘው፣ እንዳትወድቅ ከሁለት በኩል ደግፈው ከርመዋል። ይህን አሰበች እንጂ ደረቷ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም፤ ያንንም ሳትደብቅ ነገረችው። አላለቀስኩም አለችው፤ ያኔም፣ ዛሬም፤ ዕንባዬ የት እንደሄደብኝ አላውቅም አለችው። ሚክያስ ዞር ብሎ ፊቷን አየ።

«አንቺን ማን ነገረሽ?» አላት።

«ምኑን?»

«የአማን ሞት።»

«እኔ ነኝ'ኮ ያጠብኳት።»

«እሱን አውቃለሁ። ማን ነገረሽ ነው የምልሽ።»

ገነቴ አሰበች። አቶ ወልደሰንበት ያስቀመጧት ለሌላ ነገር ነው። ሌላው ሁሉ ከእሷ ነው የሰማው። ማንም አልነገረኝም አለች።

ያን ዕለት ምሽት ሚክያስ አቶ ወልደሰንበት ዘንድ ሄዶ የተናገረውን ገነቴ የሰማችው ኋላ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። ሬሳ ላጠበ ሰው መርዶ ይነገራል ወይ፣ ከአባቶቻችንም አልሰማን፣ ሰው ቢሰማ ምን ይላል ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ግን «ዛሬ ጠዋት ለሚያውቅ ሰው ተናግሬ የለ?» አሉ። «ነገም ብደግመው አይገደኝም።»

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ የገነቴ በር ተንኳኳ። ለቀስተኛ ማልዶ መጣ ብላ ነጠላዋን እየደረበች ከፈተች። አቶ ወልደሰንበት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው የትናንቶቹ ሽማግሌዎች አሉ። ሃቢባ አለች። ሚክያስ በሰዎቹ መሀል አልፎ መጣና በግራዋ ቆመ፤ ሃቢባ በቀኟ። ገነቴ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ይህን አቋቋም ትናንት በዓይኗ አይታዋለች። 

አቶ ወልደሰንበት አንዲትም ቃል አላሳጠሩባትም። የሰው ልጅ መንገደኛ መሆኑን ነገሯት። እናቷ ያላትን ሁሉ ሰጥታ መድከሟን ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸው ሰለል አለ።

«ልጄ ገነቴ፣ በርቺ። እናትሽ አበራሽ አርፋለች።»

ገነቴ ሽማግሌውን ቀና ብላ አየቻቸው። መርዶ የተነገረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ነበር የጠየቀችው።

«መቼ?»

«የካቲት ላይ» አሉ አቶ ወልደሰንበት። «ብቻዋን አልነበረችም። ልጇ እጇን ይዛት ነበር።»

 ሚክያስና ሃቢባ ከመውደቋ በፊት ያዟት፤ ድምፅዋም ከፎንቆ መንገድ ማዶ ድረስ ተሰማ።